ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተርን ማፍጠን፤ በሜልበርን ሙቀት ሊታወቁ የሚገቡ ጉዳዮች

ከመዳፍ በማይሰፋ ሰሌዳ ላይ የተሠሩ ኮምፒውተሮች ለልጆች የቤት ሥራ፣ ለቤተሰብ ፎቶግራፎች ማኖሪያና ለማኅበራት ድረ ገጽ ማስተናገጃ ማገልገል ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ፍጥነታቸውን ፋብሪካው ከወሰነላቸው ልክ በላይ ማሳደግም ይቻላል። ይሁንና የሚገኘው ፍጥነት ዋጋ አለው፤ ዋጋውም የሚከፈለው በሙቀት ነው። ሜልበርንን በመሰለ በጋና ክረምቱ እጅግ በሚራራቅ ከተማ ደግሞ፣ በጁላይ ያለ እንከን የሠራ ቅንብር በጃንዋሪ ሊከዳ ይችላል።

አንኳሮች

• የፕሮሰሰርን ፍጥነትና ቮልቴጅ በአንድነት ማሳደግ የኃይል ፍጆታን ከፍጥነቱ ጭማሪ በእጅጉ በላቀ መጠን ይጨምራል።
• ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ራሱን መግታት ይጀምራል፤ ያኔ የተጨመረው ፍጥነት ጥቅም አልባ ይሆናል።
• ከማናቸውም ለውጥ በፊት የፋይሎችን መጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጥ ግድ ይላል። ከፍተኛው አደጋ የሰሌዳው መቃጠል ሳይሆን የመረጃ መጥፋት ነው።

ፍጥነትን ማሳደግ ሲባል ምን ማለት ነው?

ማንኛውም ፕሮሰሰር የሚሠራው በውስጡ ያለ የኤሌክትሮኒክስ ሰዓት በሚሰጠው ምት ነው። በእያንዳንዱ ምት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ምቱ የሚለካው በኸርዝ ሲሆን፣ አንድ ጊጋኸርዝ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ምት ነው። «ኦቨርክሎኪንግ» በመባል የሚታወቀው ተግባር ይህን ምት አምራቹ ከወሰነው መጠን በላይ ማፋጠን ነው።

ከአነስተኞቹ ኮምፒውተሮች እጅግ የታወቀው በብሪታንያ የተነደፈው ራስበሪ ፓይ ነው። የመጀመሪያው ሰሌዳ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 ለገበያ ሲቀርብ ፍጥነቱ 700 ሜጋኸርዝ ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ አምራቾቹ «ቱርቦ» የተሰኘ አማራጭ ይፋ በማድረግ፣ ተጠቃሚዎች ዋስትናቸውን ሳያጡ እስከ 1 ጊጋኸርዝ ከፍ እንዲሉ ፈቀዱ። በ2019 የወጣው ራስበሪ ፓይ 4 በ1.5 ጊጋኸርዝ ጀምሮ፣ ኋላ ላይ የተመረቱት ሰሌዳዎቹ በአምራቹ ይሁንታ 1.8 ጊጋኸርዝ ደርሰዋል። በ2023 ይፋ የሆነው ራስበሪ ፓይ 5 ደግሞ 2.4 ጊጋኸርዝ ነው።

አምራቹ ለአንድ ሰሌዳ የሚወስነው ፍጥነት ከምርቱ መካከል ደካማው ሳይቀር በአስተማማኝ ሁኔታ ሊሠራበት የሚችለው ነው። በመሆኑም አብዛኛዎቹ ሰሌዳዎች ከዚያ በላይ የሚሄዱበት ጥቂት ትርፍ አቅም አላቸው። ይሁንና ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ሰሌዳዎች እንደ ወንድማማች ቢመሳሰሉም ጠባያቸው አንድ አይደለም። አንዱ ያለ ችግር የተሸከመውን ፍጥነት ሌላው ላይችለው ይችላል። የሌላ ሰው ቅንብር ለራስ ሰሌዳ ዋስትና የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የፍጥነት ዋጋ

ምቱ ሲፋጠን ትራንዚስተሮቹ በአጭር ጊዜ ውስጥ መከፈትና መዘጋት ስለሚኖርባቸው ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ቮልቴጅ ይሻሉ። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት ልብ ሊባል ይገባል። ፕሮሰሰሩ በሥራ ላይ የሚፈጀው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በቮልቴጁ ስኩዌር መጠን ያድጋል። ፍጥነቱ በ20 በመቶ፣ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ቢጨመር፣ 1.2 በ1.1 ከዚያም ዳግም በ1.1 ይባዛል፤ ውጤቱ 1.45 ነው። ለ20 በመቶ ፍጥነት የ45 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ይከፈላል ማለት ነው። ያ ኃይል በሙሉ ወደ ሙቀትነት ይለወጣል።

ከሙቀቱና ከቮልቴጁ የሚመነጩት ጉዳቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው አለመረጋጋት ነው፤ ኮምፒውተሩ በሥራ መካከል ይቆማል ወይም ከናካቴው አልነሳ ይላል። ሁለተኛው ስውር ስህተት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሲሳሳት በሜሞሪ ካርዱ ላይ የሚጻፈው መረጃ ይበላሻል፤ ባለቤቱም ይህን የሚያውቀው ከሳምንታት በኋላ ፎቶግራፍ አልከፈት ሲለው ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው እርጅና ነው፤ ከፍተኛ ቮልቴጅና ሙቀት በረጅም ጊዜ ውስጥ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉትን ረቂቅ የብረት መስመሮች እየሸረሸሩ የአገልግሎት ዘመኑን ያሳጥራሉ።

ሰሌዳው ራሱን የሚጠብቅበት ዘዴ አለው። የራስበሪ ፓይ ፕሮሰሰር ሙቀት ከ80 እስከ 85 ዲግሪ ሲሆን ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል፤ 85 ሲደርስ ደግሞ አጥብቆ ይገታዋል። ይህ ጥበቃ ሰሌዳውን ከመቃጠል ያድነዋል። የተበላሸን ፋይል ግን አይመልስም።

የሜልበርን በጋና ክረምት

የአንድ ሰሌዳ ሙቀት የሚጀምረው ከከበበው አየር ሙቀት ነው። ማራገቢያና ሙቀት አስወጋጅ ብረት ፕሮሰሰሩን ወደ ክፍሉ ሙቀት ሊያቀርቡት ይችላሉ፤ ከዚያ በታች ሊያወርዱት ግን አይችሉም።

ለአብነት ያህል፣ ሙሉ ሥራ ላይ ሳለ ከክፍሉ ሙቀት በ45 ዲግሪ የሚበልጥ አንድ ሰሌዳ ይታሰብ። በክረምት ክፍሉ 18 ዲግሪ ሲሆን ፕሮሰሰሩ 63 ዲግሪ ላይ ይቆያል፤ ይህ ምቹ ነው። በበጋ ክፍሉ 35 ዲግሪ ሲደርስ ያው ሰሌዳ 80 ዲግሪ ላይ ይወጣና ራሱን መግታት ይጀምራል። ክፍሉ 40 ከሆነ 85 ዲግሪ ከመጨረሻው ገደብ ላይ ይደርሳል። ቅንብሩ አልተነካም፤ የተለወጠው ወቅቱ ብቻ ነው።

ይህ በሜልበርን ሩቅ ግምት አይደለም። በከተማዋ እስካሁን የተመዘገበው ከፍተኛ ሙቀት 46.4 ዲግሪ ሲሆን፣ ዕለቱም ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009፣ የ«ጥቁር ቅዳሜ» የሰደድ እሳት የደረሰበት ቀን ነበር። ከዚያ አስቀድሞ በጃንዋሪ ማብቂያ ሙቀቱ ለሦስት ተከታታይ ቀናት ከ43 ዲግሪ በላይ ውሏል። በጃንዋሪ 2014ም አራት ተከታታይ ቀናት ከ41 ዲግሪ በላይ ሆነዋል። በፉትስክሬይም ሆነ በፍሌሚንግተን፣ አየር ማቀዝቀዣ በሌለው የላይኛ ፎቅ መኖሪያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በርቶ የሚውል ሰሌዳ የቤቱን ሙቀት ከነዋሪዎቹ ጋር እኩል ይካፈላል።

በመሆኑም በሜልበርን ለሚኖር ተጠቃሚ ትክክለኛው መለኪያ «ዛሬ ይሠራል ወይ?» የሚለው ሳይሆን «በዓመቱ እጅግ ሞቃት ቀንም ይሠራል ወይ?» የሚለው ነው። በክረምት ሙከራ የሚያደርግ ሰው፣ በሙሉ ሥራ ጊዜ የሚያነበው ሙቀት ከ60 ዲግሪ እምብዛም እንዳይርቅ ቢያደርግ ለበጋ የሚሆን መጠባበቂያ ይተርፈዋል። በሙቀት ማዕበል ቀናት ወደ ፋብሪካው ፍጥነት መመለስም አዋቂነት ነው።

ከመጀመር በፊት

ቀዳሚው ጥያቄ ፍጥነቱ በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። ኮምፒውተሩን የሚያዘገየው ፕሮሰሰሩ ሳይሆን ደካማ ሜሞሪ ካርድ፣ የማስታወሻ ጥበት ወይም ቀርፋፋ የኢንተርኔት መስመር ከሆነ፣ ምቱን ማፋጠን ሙቀት እንጂ ሌላ ትርፍ አያስገኝም። ፈጣን ሜሞሪ ካርድ ወይም በዩኤስቢ የሚገጠም ዲስክ ብዙውን ጊዜ የላቀ ለውጥ ያመጣል።

ሁለተኛው መጠባበቂያ ቅጂ ነው። የቤተሰብ ፎቶግራፎች፣ የትምህርት ጽሑፎችና የማኅበር መዝገቦች ሙከራው ከሚካሄድበት ካርድ ውጪ በሌላ ሥፍራ ተቀድተው መቀመጥ አለባቸው። ከተቻለ ሙከራው ምንም ጠቃሚ ፋይል በሌለበት በሌላ ካርድ ቢካሄድ ይመረጣል።

ሦስተኛው የኃይል አቅርቦት ነው። ለራስበሪ ፓይ 4 የሚመከረው ቻርጀር 3 አምፒር የሚሰጥ ሲሆን፣ ለራስበሪ ፓይ 5 ደግሞ 5 አምፒር የሚሰጠው ባለ 27 ዋቱ ነው። የስልክ ቻርጀር ለጊዜው ሊያስነሳው ቢችልም፣ ሥራ ሲበዛ ቮልቴጁ ይወርዳል። ቮልቴጁ ከ4.63 ቮልት በታች ሲሆን በማያ ገጹ ጥግ የመብረቅ ምልክት ይታያል። ይህን ምልክት የሚያሳይ ሰሌዳ ፍጥነቱን ለማሳደግ ዝግጁ አይደለም።

አራተኛው ማቀዝቀዣ ነው። በተዘጋ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ያለ ማራገቢያ የተቀመጠ ሰሌዳ ፍጥነቱ ሊጨመርበት አይገባም። ለራስበሪ ፓይ 5 አምራቹ ራሱ የሚሸጠው ማራገቢያ ሙቀቱ ሲጨምር እየፈጠነ፣ 75 ዲግሪ ሲደርስ በሙሉ ኃይሉ ይዞራል። ሰሌዳውን ፀሐይ ከሚያርፍበት መስኮት፣ ከቴሌቪዥን ጀርባና ከተዘጋ ቁም ሣጥን ማራቅ ደግሞ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ማቀዝቀዣ ነው።

ደረጃ በደረጃ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ብሂል ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። የአሠራሩ ሥርዓት የሚከተለው ነው።

1. ምንም ሳይነካ መለካት። ሰሌዳው በፋብሪካ ፍጥነቱ ላይ እያለ ከባድ ሥራ ለ30 ደቂቃ ያህል እንዲሠራ ይደረግና የክፍሉ ሙቀት፣ የፕሮሰሰሩ ሙቀትና ሥራው የወሰደው ጊዜ በወረቀት ይመዘገባሉ። ይህ መነሻ ከሌለ የኋላው ለውጥ ጥቅም ይሁን ጉዳት መለየት አይቻልም።

2. ፍጥነቱን ብቻ በጥቂቱ ማሳደግ። ለውጡ የሚደረገው «ኮንፊግ» በተሰኘው፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚያነበው የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ነው። የፕሮሰሰሩ ፍጥነት በሜጋኸርዝ የሚጻፍበት መስመር ላይ በአንድ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ሜጋኸርዝ መጨመር ይበቃል። ቮልቴጁ በዚህ ደረጃ አይነካም።

3. አስነስቶ መፈተሽ። ከእያንዳንዱ ጭማሪ በኋላ ያው ከባድ ሥራ ለ30 ደቂቃ ይደገማል። ስርዓተ ክወናው የሙቀት መጠንንና የመገታት ታሪክን የሚጠይቁ ትእዛዞች አሉት። ሁለተኛው ትእዛዝ አሁን የሚታየውን ችግር ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ከተነሳ ወዲህ የደረሰውን የቮልቴጅ መውረድና የፍጥነት መገታት ጭምር ይናገራል። መልሱ ዜሮ ብቻ ከሆነ ሁሉም ደህና ነው። ከዜሮ ውጪ የሆነ ማናቸውም መልስ መንስኤው ሳይታወቅ ወደፊት መሄድን ይከለክላል።

4. ቮልቴጅን በመጨረሻ፣ ያውም በጥቂቱ መጨመር። ቮልቴጅ የሚነካው ፍጥነቱ ሲጨመር ሰሌዳው አልረጋ ካለና ሙቀቱ ገና ዝቅተኛ ከሆነ ብቻ ነው። በራስበሪ ፓይ 4 እያንዳንዱ የቮልቴጅ እርከን 25 ሚሊቮልት ነው። በራስበሪ ፓይ 5 ግን መስመሩም መለኪያውም የተለየ ሲሆን የሚጻፈው በማይክሮቮልት ነው። የአንዱን ሞዴል ቁጥር በሌላው ላይ መገልበጥ አደገኛ ስህተት ነው።

5. አንድ እርምጃ ወደኋላ መመለስ። ሰሌዳው የተሳሳተበት ፍጥነት ከታወቀ በኋላ፣ ከዚያ በታች ባለው እርከን ላይ ሳይሆን ከእርሱም አንድ እርከን ዝቅ ብሎ መቆም ይመረጣል። ያ ልዩነት ለበጋው የተተወ ነው።

6. ለሌሊት ማሳደር። የተመረጠው ቅንብር ቢያንስ አንድ ሌሊት በሥራ ላይ ተፈትኖ የመገታት ታሪኩ ዜሮ ሲሆን ብቻ ጠቃሚ ፋይሎች ያሉበት ካርድ ሊመለስ ይችላል።

ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል

ይህ የሚያስደነግጥ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔው ቀላል ነው። ኃይሉ ይቋረጣል፤ ሜሞሪ ካርዱ ወጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ይከፈታል፤ የተጨመሩት መስመሮች ከ«ኮንፊግ» ፋይል ይሰረዛሉ፤ ካርዱም ይመለሳል። ሰሌዳው በፋብሪካ ፍጥነቱ ይነሳል። ከዚያ በኋላም አልነሳ ካለ የተበላሸው በካርዱ ላይ ያለው መረጃ ሊሆን ስለሚችል፣ መጠባበቂያ ቅጂው ሥራ ላይ የሚውለው ያኔ ነው።

ዋስትናና የሸማች መብት

የራስበሪ ፓይ ፕሮሰሰር ከተወሰነ ልክ ያለፈን ቅንብር የማይፋቅ ምልክት አድርጎ በውስጡ ይመዘግባል። ምልክቱ የሚቀረጸው ፍጥነቱ ዘወትር ከፍተኛው ላይ እንዲቆይ ሲገደድና ቮልቴጁም ከፋብሪካው ልክ በላይ ሲጨመር፣ ሁለቱ በአንድነት ሲገኙ ነው። ስለሆነም ፍጥነቱ ሥራ ሲኖር ብቻ ከፍ እንዲል፣ ሥራ ሲቀንስ ዝቅ እንዲል መተው ለሙቀቱም ለዋስትናውም የተሻለ ነው።

በአውስትራሊያ የሸማች ሕግ መሠረት ሸማቾች በሻጩ ሊሻሩ የማይችሉ ዋስትናዎች አሏቸው። ጉድለት ኖሮበት የተሸጠ ዕቃ ይጠገናል፣ ይለወጣል ወይም ገንዘቡ ይመለሳል። ይሁንና ለጉዳቱ ምክንያት የሆነው ተጠቃሚው ዕቃውን ከታሰበለት አገልግሎት ውጪ በመጠቀሙ ከሆነ ይህ መብት አይሠራም። ፍጥነት የተጨመረበት ሰሌዳ በዚህ ረገድ የባለቤቱን ጉዳይ ሊያከብድበት ይችላል። በቪክቶሪያ የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በዚህ ዙሪያ መረጃ ይሰጣል።

የቤት ውስጥ ደህንነት

ሰሌዳው ራሱ የሚሠራው በ5 ቮልት ስለሆነ ሰውን በኤሌክትሪክ የመምታት አደጋው ዝቅተኛ ነው። አደጋው ያለው 230 ቮልት ከግድግዳ በሚቀበለው ቻርጀር በኩል ነው። በአውስትራሊያ የሚሸጥ ቻርጀር የአገሪቱን የደህንነት መስፈርት ማሟላቱን የሚያሳየው አርሲኤም የተሰኘው ምልክት ሊኖረው ይገባል። ምልክት የሌለውን ርካሽ ቻርጀር ከአቅሙ በላይ ለሚሻ ሰሌዳ መጠቀም አይመከርም። የጋለ፣ የሸተተ ወይም የቀለጠ ቻርጀር በአፋጣኝ ከኃይል መነቀል አለበት፤ እሳት ከተነሳም ከቤት ወጥቶ 000 መደወል ይገባል።

አገልግሎቱን የጨረሰ ሰሌዳ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣልም። ቪክቶሪያ ከጁላይ 1 ቀን 2019 አንስቶ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ወደ ቆሻሻ መድፊያ እንዳይገባ አግዳለች፤ የአካባቢ ምክር ቤቶች መቀበያ ሥፍራዎች አሏቸው።

ወደ ኢትዮጵያ ለሚላክ ሰሌዳ

ለእህት ልጅ ወይም ለትውልድ መንደር ትምህርት ቤት ትንሽ ኮምፒውተር ይዘው የሚጓዙ አሉ። የአዲስ አበባ አየር ከሜልበርን በጋ ይልቅ ለዘብ ያለ ቢሆንም፣ ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ይሳሳል። የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው፤ ያው ማራገቢያ በሜልበርን የሚያበርደውን ያህል በአዲስ አበባ አያበርድም። ኃይል በድንገት መቋረጡም በጽሑፍ ላይ ያለን ሜሞሪ ካርድ ይጎዳል። አጠገቡ የሚያስተካክልለት ሰው ለሌለ ተጠቃሚ የሚላክ ሰሌዳ በፋብሪካ ፍጥነቱ ቢላክ፣ በትርፉ ገንዘብ ደግሞ ሁለተኛ ሜሞሪ ካርድና መጠባበቂያ ባትሪ ቢታከልለት የበለጠ ያገለግላል።

ከሜልበርን የኮምፒውተር ታሪክ

ከፉትስክሬይ ብዙም በማይርቀው ስፖትስዉድ፣ በሳይንስወርክስ ሙዚየም ውስጥ ሳይራክ የተሰኘው ኮምፒውተር ለዕይታ ቀርቧል። በሲድኒ ተሠርቶ በ1949 የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ያካሄደው ይህ ማሽን፣ በ1955 ወደ ሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ተጓጉዞ ጁን 14 ቀን 1956 ዳግም ሥራ ጀመረ፤ እስከ 1964ም አገለገለ። ከመጀመሪያው ትውልድ ኮምፒውተሮች መካከል ሳይፈራርስ ሙሉ አካሉ የተረፈው እርሱ ብቻ ነው።

2,000 ያህል የራዲዮ ዓይነት ቫልቮች የነበሩት ሳይራክ 30 ኪሎዋት ኃይል ይፈጅ ነበር። የሰዓቱ ምት ግን 1,000 ኸርዝ ብቻ ነበር። የራስበሪ ፓይ 5 ምት ከዚህ በ2.4 ሚሊዮን እጥፍ ይፈጥናል። ሳይራክ መጀመሪያ ላይ አንድን ትእዛዝ ለመፈጸም ሁለት ምት ይወስድበት ነበር፤ በኋላ ግን አሠራሩ ተሻሽሎ በአንድ ምት መፈጸም ቻለ። ፍጥነቱ በእጥፍ ያደገው የአሠራሩ አደረጃጀት በመስተካከሉ ነው።

ያ ትምህርት ዛሬም በመዳፍ ላይ ለምትያዘው ሰሌዳ ይሠራል። የማያስፈልጉ ፕሮግራሞችን መዝጋት፣ የተሻለ ካርድ መግጠምና ሶፍትዌርን ማደስ ያለ ተጨማሪ ሙቀት ፍጥነት የሚያስገኙ መንገዶች ናቸው። ከእነርሱ በኋላ የሚቀረውን ፍጥነት በኦቨርክሎኪንግ መሻት ይቻላል፤ ቴርሞሜትር በእጅ፣ መጠባበቂያ ቅጂ በመሳቢያ ተይዞ፣ መጪው በጋም ታስቦ።